የጨዋታው ሕግ የማን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የሚዘዋወር ሰው፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል የሚወጣ ጩኸት ሳይሰማ አይመለስም። በበሩ ላይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ በአግዳሚው ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ወጣቶች አሉ። ሁለቱ ጆይስቲክ ይዘዋል፤ የቀሩት ተራ ይጠብቃሉ። «የተሸነፈ ይነሣል» የሚለው ደንብ በግድግዳው ላይ ባይጻፍም ሁሉም ያውቀዋል። የመስቀል ሰሞን ሲሆን ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚገቡት ልጆች ይጨመሩበትና መቆሚያ እንኳ ይጠፋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ቡታጅራ ውስጥ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ሳለ ድንገት መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው «ሁለት ለባዶ እየመራሁ ነበር!» የሚል ድምፅ ነው። «ጨዋታው መቼ አለቀ?» ሲል ሌላው መለሰ። የቤቱ ባለቤት ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ጠየቀ። ክርክሩ መብራት እስኪመጣ ድረስ ቀጠለ። ሲጠቃለል ጥያቄው አንድ ነበር፤ ሕጉ ምን ይላል?

ውድ አንባብያን፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር ነው። ደጋግሞ የሚደብቀውን እዚህ ላይ ይናዘዛል፤ ተጫዋችም ነው። በመሆኑም ከዚህ በታች የማቀርበው ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው ትችት ሳይሆን የአንድ ተጫዋች ግልጽ አስተያየት ነው። የቪዲዮ ጨዋታን ሁሉ በአንድ ላይ ማውገዝም ሆነ ሁሉንም ማሞገስ ሥራ መፍታት ይመስለኛል። እያንዳንዱ ጨዋታ ሰው በጻፈው ሕግ የሚተዳደር ትንሽ ዓለም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በሕጉ ልንመዝነው ይገባል። መመዘኛዬ እንዲህ የሚል ነው፦ የጨዋታው ሕግ ለሁሉም ተጫዋች፣ ሁልጊዜም አንድ ነው ወይ? ትዕግሥት ያለው ተጫዋችስ ሞክሮ ሊደርስበት ይችላል ወይ?

የመጀመሪያዎቹን የጻፈው ማን ነበር?

ብዙ ተማሪዎች የቪዲዮ ጨዋታ ከመዝናኛ ኩባንያዎች የተወለደ ይመስላቸዋል። ከቀደምቶቹ አንዱ ግን የተወለደው በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው። ዊልያም ሂጊንቦተም የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሎስ አላሞስ የአቶሚክ ቦምብ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከተሟገቱት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1958 በብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሳለ፣ ለጎብኚዎች ቀን የሚታዩት ነገሮች አሰልቺ መሆናቸው ከነከነው። በእጁ የነበረው አናሎግ ኮምፒውተር የጥይትንና የሚነጥር ኳስን ጉዞ ማስላት ይችል ነበር። ሂጊንቦተም ይህንኑ ስሌት ወስዶ በ13 ሳንቲ ሜትር ኦሲሎስኮፕ ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠራ። ኳሷ የመሬት ስበት ይጎትታታል፤ መሬት ስትነካ ትነጥራለች፤ መረብ ላይ ስታርፍ ትመለሳለች። ጎብኚዎች ሌላውን ሁሉ ትተው በረጅም ሰልፍ ተራ ጠበቁ። የወልቂጤው አግዳሚ ወንበር ታላቅ ወንድም ያ ሰልፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከ4 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ስፔስዋር» የተባለውን ጨዋታ ጻፉ። ሁለት መንኮራኩሮች በአንድ ኮከብ ዙሪያ ይዋጋሉ፤ ኮከቡም በስበቱ ይስባቸዋል። ታዲያ አንድ የሚያስቅ ነገር አለው፤ ስበቱ መንኮራኩሮቹን ይስባል፣ የሚተኩሱትን ጥይት ግን አይስብም! ኮምፒውተሩ ያንን ሁሉ ለማስላት አቅም አልነበረውም። የሰው ልጅ የሚጽፈው ሕግ የመሣሪያውን አቅም እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሮጌዎቹ፦ ሐሰተኛ ግን ታማኝ

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የጃፓኑ «ስፔስ ኢንቬደርስ» ከላይ የሚወርዱ 55 ጠላቶች አሉት። ስትገድሏቸው የቀሩት ይፈጥናሉ። ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ መጀመሪያ ይህንን አላቀደውም፤ በስክሪኑ ላይ የሚሣሉት ሲቀንሱ ኮምፒውተሩ ሥራ ስለ ቀለለው ፈጠነ። ሰውየው ስሕተቱን ከማረም ይልቅ ውበቱን አይቶ ተወው። ይህ ጨዋታ ዛሬ ቢሰለችም ታሪኩ ለተመራማሪ ትምህርት ነው፤ ያልጠበቅነውን ውጤት ከመጣላችን በፊት ልንመለከተው ይገባል።

«ቴትሪስ»ን እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፈው አሌክሲ ፓጂትኖቭ በሞስኮ የሳይንስ አካዳሚ ኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ ነበር። ከተጫወትኋቸው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም እላለሁ። 7 ዓይነት ቅርጾች፣ አንድ ጠባብ ሳጥን፣ ሌላ ምንም የለም። ስሕተታችሁ ሁሉ ከታች ተከምሮ ያያችኋል፤ የምታመካኙበት አታገኙም። በሒሳብ እንደተረጋገጠውም አንዳንድ የቅርጾች ተርታ ቢመጣ፣ ምንም ያህል ብልህ ብትሆኑ ውሎ አድሮ ሳጥኑ ይሞላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የድሮውን የኒንቴንዶ ቴትሪስ እየተጫወተ ፕሮግራሙ ራሱ እስኪደነዝዝ ድረስ አደረሰው። ልጁ ሳይሆን ሕጉ ደከመ ማለት ነው!

«ሱፐር ማሪዮ» እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ። በልጅነታችን ካሴቱን አውጥተን እፍ እያልን መልሰን የምንከተው የብዙዎቻችን ትዝታ ነው። እስቲ እንደ ፊዚክስ ሰው እንመልከተው። ትልቁ ማሪዮ ቁመቱ ሁለት ጡብ ነው። 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ብንሰጠው አንዱ ጡብ 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁልፉን ይዘን ስናዘልለው 4 ጡብ ያህል፣ ይኸውም 3 ሜትር ከ20 ይወጣል። በእኛ ምድር ከዚህ ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 0.8 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ማሪዮ ግን በሰከንድ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዱብ ይላል። ይባስ ብሎ ለመውጣት ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በተፈጥሮ ግን የአየር ሰበቃን ከተውነው መውጫውና መውረጃው እኩል ነው። በአየር ላይ እያለም ምንም ሳይገፋ አቅጣጫ ይለውጣል። የኒውተን ሕግ ፈርሷል!

ሆኖም ማሪዮን አልወቅሰውም። ምክንያቱም ሐሰተኛ መሆንና ከሐዲ መሆን የተለያዩ ናቸው። የማሪዮ ስበት ከምድር ስበት ቢለይም ዛሬም ነገም፣ ለእኔም ለእናንተም ያው ነው። አንድ ልጅ ደጋግሞ በመዝለል ይማረዋል፤ ከተማረው በኋላም አይከዳውም። የተፈጥሮን ሕግ የምናጠናውስ በዚሁ መንገድ አይደለምን?

ከአሮጌዎቹ ሳልለይ የኖኪያን እባብ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ከኖኪያ 6110 ጋር የወጣች ናት። በእኛ አገር የሞባይል ስልክ በተስፋፋበት ዘመን ብዙዎች የመጀመሪያ የዲጂታል ጨዋታቸው እርሷ ነበረች። እባቧ በበላች ቁጥር ትረዝማለች፤ በረዘመች ቁጥር መውጫ ታጣለች፤ በመጨረሻም የሚገድላት የራሷ ጅራት ነው። ስኬት ራሱ የሚያመጣውን ችግር በዚህ ያህል ቁጠባ ያሳየ ጨዋታ አላውቅም።

አዳዲሶቹ፦ ያማሩ ግን የሚመረመሩ

አሁን ወደ አግዳሚ ወንበሩ እንመለስ። እዚያ ነጋሹ እግር ኳስ ነው። ፊፋ በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሲወጣ የኖረው ጨዋታ ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል። ተፎካካሪው ዊኒንግ ኢለቨንም በ2021 ኢፉትቦል ሆኗል። በግልጽ ለመናገር እኔ የድሮው ዊኒንግ ኢለቨን ወዳጅ ነኝ፤ ኳሷ ከተጫዋቹ እግር ጋር የታሰረች አትመስልም ነበር። የፊፋ ጥፋቱ ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት ለውጥ አድርጎ፣ ማልያ ቀይሮ፣ እንደ አዲስ መሸጡ ነው።

ፊዚክሱን ግን አመሰግናለሁ። ሮቤርቶ ካርሎስ እ.ኤ.አ. በጁን 1997 በፈረንሳይ ላይ ያስቆጠራትን የቅጣት ምት አስታውሱ። ኳሷ ከግብ ውጭ የምትሄድ መስላ ተጠማዘዘች። የምትሽከረከር ኳስ አየሩን ወደ አንድ ጎን ትገፋለች፤ አየሩም መልሶ በተቃራኒው ይገፋታል። ይህ የማግነስ ውጤት ይባላል። በወልቂጤ ጌም ቤት የተቀመጠ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስሙን ባያውቅም ኳስ ለማጠማዘዝ የትኛውን ቁልፍ ምን ያህል መጫን እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል። የቀረው ነገር የእኛ የመምህራን ሥራ ነው።

ተጫዋቾች ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ ስሞታም አለ፦ «ጌሙ ያዳላል፤ ስመራ በመጨረሻው ደቂቃ ያስገባብኛል!» እውነት ይሆን? ይህ እኮ ሊመረመር የሚችል ጥያቄ ነው። ደብተር ያዙ፤ የ100 ጨዋታዎችን ጎሎች ከነደቂቃቸው መዝግቡ፤ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሩ። የሚመራው ቡድንና የሚመራበት ቡድን ያገቡትን ለዩ። በስሞታና በማስረጃ መካከል ያለው ርቀት አንድ ደብተር ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስለወጣው «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» የምለው ይለያል። የመኪናው ክብደትና መንሸራተት፣ የከተማው ስፋት ያስደንቃል። ነገር ግን በዚያ ዓለም ውስጥ ድንጋይ ክብደት አለው፣ ሰው የለውም። መንገደኛ ገጭቶ የሸሸ ተጫዋች ፖሊሱን ለጥቂት ጊዜ ካመለጠ ሁሉም ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። ጨዋታው ለአዋቂዎች የተሠራ ነው። በጌም ቤት ውስጥ የ10 ዓመት ልጅ ሲጫወተው ዝም ብለን ካየን ጥፋቱ የሠሪው ብቻ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «አንግሪ በርድስ» ደግሞ በኪስ የሚያዝ ቤተ ሙከራ ነው። የተወነጨፈችው ወፍ መንገዷን በነጥብ እየተወች ትሄዳለች። ነጥቦቹን በወረቀት ገልብጣችሁ ብትለኩ የተወንጫፊ አካል ጉዞ ቀስት መሰል ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሆኖም በደረጃዎቹ መካከል የሚደጋገመው ማስታወቂያ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ከአዳዲሶቹ ሁሉ የምመርጠው ግን በብዛት የማይታወቀውን «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም»ን ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በሙሉ ቅርጹ ወጣ። ሮኬት ትሠራላችሁ፤ ይፈነዳል፤ እንደገና ትሠራላችሁ። እኔ ከፊቴ ያለውን መንኮራኩር ለመያዝ ሞተር በከፈትሁ ቁጥር ይበልጥ እየራቀኝ አንድ ሌሊት ሙሉ አሳልፌያለሁ። ምሥጢሩ የተገለጠልኝ ሲነጋ ነው፤ ከፊት ያለውን ለመድረስ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ መንኮራኩሩ ወደ ዝቅተኛ ምሕዋር ይወርድና ዙሩን ቶሎ ይጨርሳል። ይህን ቀመር በዩኒቨርሲቲ ተምሬ ፈተናውን አልፌ ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ሌሊት ነው። አገራችን የመጀመሪያ ሳተላይቷን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከቻይና ምድር አምጥቃለች። የሚቀጥሉትን የሚነድፉ ወጣቶች እንዲህ ባለው ጨዋታ ቢያመሹ አልቃወምም።

ከአገራችን ሥራዎችም አዲስ አበባ ያለው ቅኔ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ሩጫ ነው። ሩጫው ቀደም ሲል በሌሎች ጨዋታዎች ያየነው ዓይነት መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። ነገር ግን የእኛ ዶሮ በእኛ ምድር ስትሮጥ ማየት አንድ ነገር አስታውሶኛል፤ ሕጉን የሚጽፈው የግድ ከባሕር ማዶ መሆን የለበትም።

ዕድል የሚሸጡት

አሁን ወደምጠላቸው እመጣለሁ። በስልክ ላይ በነፃ ከሚጫኑት ጨዋታዎች መካከል ብዙዎቹ በውስጣቸው የተዘጋ ሣጥን ይሸጣሉ። ሣጥኑ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። የእግር ኳሱም ጨዋታ ከዚህ ንጹሕ አይደለም፤ የተጫዋቾች ካርድ የያዙ እሽጎች ይሸጥበታል። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን ሣጥን ከቁማር ቆጥራ ከልክላለች።

እስቲ እናስላው። የምትሹት ካርድ የመውጣት ዕድሉ ከ100 አንድ ነው እንበል። ብዙ ሰው «100 ጊዜ ከገዛሁ የግድ ይወጣል» ይላል። ሒሳቡ ግን አንድ ጊዜ ያለመውጣት ዕድሉ 0.99 ነው፤ 100 ጊዜ ተከታትሎ ያለመውጣቱ 0.99 በራሱ 100 ጊዜ ሲባዛ 0.37 ያህል ይሆናል ይለናል። 100 እሽግ ከገዙ 100 ሰዎች ውስጥ 37ቱ ያህል ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ ማለት ነው። ይህን ሕግ ማሪዮ አያውቀውም። ማሪዮ ስትለማመዱ ይሸልማችኋል፤ ሣጥኑ ግን ችሎታችሁን ሳይሆን ኪሳችሁን ነው የሚመዝነው። ሕጉ ለሁሉም አንድ አይደለምና በመመዘኛዬ ወድቋል።

ስለ አንድ የሰረዝሁት ፋይል

ወላጆችና የሥራ ባልደረቦቼ «ጨዋታ ትውልዱን አጠፋ» ሲሉ ሥጋታቸውን አላቃልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጨዋታ ሱስን አካቷል። ምልክቶቹም ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሕይወት ማስቀደምና ጉዳት እያዩ መቀጠል ናቸው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። እንዲህ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ሕክምና እንጂ ስድብ አያሻውም።

ይሁን እንጂ በሥጋት ስም የሚፈጸም ጥፋትም አለ፤ እኔው ፈጽሜዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ላይ ጨዋታ እንዳይጫን አዝዤ ነበር። አንድ ቀን «ጌም» የሚል ፋይል አገኘሁና ሳልከፍት ሰረዝሁት። በማግሥቱ አንድ የ2ኛ ዓመት ተማሪ በሬ ላይ ቆመ። ፋይሉን የጻፈው ራሱ ነበር፤ የምትነጥር ኳስ፣ የስበቷን መጠን ተጫዋቹ ራሱ የሚቀይርላት፣ በጨረቃም በምድርም የምትወረወር። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም በትሕትና «ግድ የለም መምህር» አለኝ። እንደገና ሲጽፈው ግን አላየሁም። በዚያ ሴሚስተር ከታረሙት የቤተ ሙከራ ሪፖርቶች ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

እንዲያ ያለ ልጅ የት ሊደርስ ይችል እንደነበር መገመት አይከብድም። በ17 ዓመቱ «ቴም ፓርክ» የተባለውን ጨዋታ ከሠሩት አንዱ የነበረው ዴሚስ ሃሳቢስ እ.ኤ.አ. በ2024 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ «ፎልዲት» የተባለውን የፕሮቲን ማጠፍ ጨዋታ የሚጫወቱ ተራ ሰዎች፣ ሳይንቲስቶችን ለዓመታት ያስቸገረውን የአንድ ቫይረስ ኤንዛይም ቅርጽ በሦስት ሳምንት ገደማ አግኝተዋል።

ከአግዳሚ ወንበሩ ሲነሡ

ጨዋታ ያቁሙ ብዬ አልደመድምም። የምለምነው ተጫዋች ሆናችሁ ብቻ እንዳትቀሩ ነው። የተጫወታችሁትን ለኩ፤ ስበቱ ስንት ነው? ሕጉ የሚፈርሰው የት ላይ ነው? ከዚያ ፓይተን የተባለውን በነፃ የሚገኝ የፕሮግራም ቋንቋ ያዙና አንዲት ትንሽ ዓለም ጻፉ። ለመጀመሪያ ሥራ ገበታን እመክራለሁ። አያቶቻችን መሬት ቆፍረው ጠጠር አስቀምጠው የጻፉት ሕግ ነው። ጠጠሩ ሁሉ በግልጽ ይታያል፤ የተዘጋ ሣጥን የለውም፤ ዕድል አይገባበትም፤ የበለጠ ያሰበ ያሸንፋል።

በቡታጅራ ያን ቀን መብራት ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ጨዋታውን አላስታወሰም፤ ከዜሮ ጀመረ። ልጆቹ ግን በጨለማው ውስጥ ተከራክረው የራሳቸውን ደንብ አውጥተው ነበር፤ መብራት ከጠፋ የሚመራው ግማሽ፣ የሚመራበት ግማሽ ይከፍላሉ፤ ወንበሩም ለተራ ጠባቂዎች ይለቀቃል። ማንም ኩባንያ አልጻፈላቸውም። ሁሉም ተስማምተው ተነሡ።